የድንቢጥ እንቁላል መጠን፦ የእናቲቱን ድርሻ ከአየሩ እንዴት እንለይ?

ጤና ይስጥልን። ስድስት ኪሎ አካባቢ በሕንፃ ጣሪያ ሥር የሚፈለፍሉ ድንቢጦችን እንቁላል እየለካን ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ግን መላው ጠፍቶናል።

ይዘቱን የምናሰላው 0.51 × ርዝመት × ስፋት × ስፋት ብለን ነው። ስፋቱ በራሱ ስለሚባዛ 15 ሚሊሜትር ላይ 0.3 መሳት ይዘቱን 4 በመቶ ያዛባል፤ ስለዚህ ካሊፐሩን (በሁለት መንጋጋ ይዞ የሚለካውን መሣሪያ) ሳንጫን ደጋግመን ለክተን አማካዩን እንይዛለን። ክብደት አያዋጣም፤ ስትታቀፈው ውኃው በቅርፊቱ ቀዳዳዎች እየተነነ በየቀኑ ይቀላል።

ችግሩ ወዲህ ነው። እንደ ድንቢጥ ባሉ ዘማሪ ወፎች አብዛኛው የእንቁላል መጠን ልዩነት በተለያዩ እናቶች መካከል ያለ ነው፤ አንዷ ሴት ከዓመት ዓመት ተቀራራቢ መጠን ትጥላለች። የምግቡ፣ የካልሲየሙና ከመጣሏ በፊት ያለው ብርድ ድርሻ አነስ ይላል። እኛ ደግሞ እግራቸው ላይ መለያ ቀለበት ስላላሰርንላቸው፣ ከክረምት በኋላ በዚያው የጎጆ ቀዳዳ የጣለችው ያችው ትሁን ሌላ መለየት አልቻልንም። በጎጆ ቁጥር ብቻ ብንመድባቸው የሁለት እናቶች ልዩነት የአየሩ ውጤት መስሎ ይወጣል። ይህ ሥራውን ከነጭራሹ ያበላሸዋል።

ቀለበቱን ለማሰር እናቲቱን በእንቁላል ሰሞን ብንይዛት ጎጆዋን ጥላ እንዳትሄድ እንሰጋለን። ጫጩት ስትቀልብ መያዙ ይሻላል? ጫጩቶቹ ስንት ቀን ሲሆናቸው? ለቀዳዳ ጎጆስ መረብ ነው ወይስ በሩ ላይ የሚዘጋ ወጥመድ? የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩን።