የጡት ናሙና መሃሉ እየበሰበሰ ተቸግረናል፤ የፓቶሎጂ (የሕብረ ሕዋስ ምርመራ) ባለሙያ ካላችሁ እርዱን

የፓቶሎጂ ክፍል የሌለን ጠቅላላ ሆስፒታል ስለሆንን ናሙና ወደ ሪፈራል በመኪና እንልካለን። የመርፌ ባዮፕሲ ውጤት ያለችግር ይመጣል። በካንሰር ምክንያት በቀዶ ሕክምና የወጣ ሙሉ ጡት ሲላክ ግን «መሃሉ በስብሷል፤ የሆርሞን ሪሴፕተር መሥራት አይቻልም» ተብሎ ይመለሳል፤ ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ መሆኑን የሚያሳየው ምርመራ ማለት ነው። ያለዚያ ውጤት ሆርሞኑን የሚያግደው መድኃኒት ታሞክሲፌን ለማን እንደሚሰጥ መወሰን ግምት ነው።

ናሙናው እንዳይበሰብስ የሚነከርበትን ፎርማሊን በደንብ እናዘጋጃለን፦ 100 ሚሊ ሊትር ከ37–40 በመቶው ፎርማልዲሃይድ፣ 900 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ፣ 4 ግራም ሞኖሶዲየም ፎስፌት ሞኖሃይድሬት፣ 6.5 ግራም ውሃ አልባ ዳይሶዲየም ፎስፌት። ናሙናው በ1 ሰዓት ውስጥ ይነከራል። የናሙናውን 10 እጥፍ መጠቀም ግን አልቻልንም፤ 1 ኪሎ ለሚመዝን ጡት 10 ሊትር መሆኑ ነው፣ ሾፌሩስ መቼ ይጭነዋል!

ጥርጣሬያችን ፎርማሊኑ ስቡን አልፎ እብጠቱ ጋ ሳይደርስ መቅረቱ ላይ ነው። ስለዚህ፦ ቀዶ ሐኪሙ ጠርዙን (ካንሰሩ ተቆርጦ ማለቁ የሚታይበትን) ቀለም ቀብቶ አቅጣጫውን በክር ካመለከተ በኋላ፣ ቆዳውን ሳይበጥስ ከጀርባ በኩል በየ1 ሳንቲ ሜትሩ ቢሰነጥቀውና በየስንጥቁ ጎዝ ብናስገባ የጠርዙን ንባብ ያበላሽባችኋል? ለ24 ሰዓት በብዙ ፎርማሊን አቆይተን፣ ከዚያ አጠንፍፈን በፎርማሊን በራሰ ጎዝ ጠቅልለን በድርብ ፕላስቲክ ብንልከውስ ትቀበሉናላችሁ? ዓርብ የተሠራ ታካሚ ናሙና ሰኞ ስለሚነሳ በፎርማሊን የሚቆይበት ጊዜ ለሪሴፕተር ምርመራው ገደብ የሆነውን 72 ሰዓት እንዳያልፍም እንሰጋለን።