የአባቴ የሲፓፕ ማስክ አየር እያሾለከ አስቸገረን

አባቴ እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ ስለሚቋረጥ በሲፓፕ፣ ማለትም በማስክ በኩል አየር በግፊት በሚነፋ ማሽን ነው የሚተኛው። የአየሩ ግፊት፣ በሴንቲሜትር ውሃ ሲለካ፣ 12 ነው። ማስኩ አፍና አፍንጫን አንድ ላይ የሚሸፍን ነው፤ ጠርዙ ሲሊኮን።

ሌሊት አየሩ በአፍንጫው ግራና ቀኝ እየሾለከ ዓይኑን ያደርቅበታል። ማሰሪያውን ጠበቅ አደረግኩለት። ባሰ! ሲሊኮኑ ተጨፍልቆ ፊስስ ይላል። ጠዋት ደግሞ የአፍንጫው አጥንት ላይ ቀይ ሰንበር አገኘሁ፤ ቆዳው ሊላጥ ምንም አልቀረው። አፍንጫ ብቻ የሚሸፍነውንም ሞከርን። አፉን ከፍቶ ስለሚተኛ አየሩ በዚያ ወጣ። ጺምህን ተላጭ ማለት ደግሞ አይታሰብም፣ ስንት ዓመት ያሳደገው ነው።

አሁን ከአፍንጫ ሥር የሚቀመጥ፣ አጥንቱን የማይነካ፣ አፍንም የሚሸፍን ዓይነት አየሁ። ጺም ላለውና አፉን ከፍቶ ለሚተኛ ሰው፣ በዚህ ግፊት አየር ሳያሾልክ ይይዛል?