በቨርጂኒያ የሃይብሪድ መኪና ባለቤት ለምን ተጨማሪ የመንገድ ክፍያ ይጠየቃል?

ጥያቄ፦ የሌሊት ሾፌር

ጤና ይስጥልኝ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ እኖራለሁ፤ የምተዳደረውም ሰው በማመላለስ ሥራ ነው። በዓመት ወደ 40,000 ማይል እነዳለሁ። የቀድሞው ሚኒቫኔ በአንድ ጋሎን 20 ማይል ያህል ነበር የሚሄደው፤ ባለፈው ዓመት ያገለገለች ፕሪየስ (በቤንዚንና በባትሪ የምትሠራ የቶዮታ ሃይብሪድ) ገዝቼ በጋሎን 50 ማይል መሄድ ስጀምር እፎይ ብዬ ነበር። እፎይታዬ ግን የሰሌዳ ማደሻው ወረቀት በፖስታ እስኪደርሰኝ ድረስ ብቻ ቆየ። ከመደበኛው የምዝገባ ክፍያ ሥር፣ በሚኒቫኑ ጊዜ አይቼው የማላውቅ «የአውራ ጎዳና መጠቀሚያ ክፍያ» የሚል መስመር ተጨምሮ አገኘሁ። ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ «መኪናዎ ነዳጅ ስለሚቆጥብ ነው» አለችኝ፤ የሰማሁትን ለማመን ደግሜ ጠየቅኋት።

ትናንት ነዳጅ ቆጥቡ እያለ ሃይብሪድ ለገዛ ሰው ማበረታቻ ይሰጥ የነበረ መንግሥት ዛሬ ስለቆጠብኩ የሚያስከፍለኝ በምን አግባብ ነው? ኤታኖል (ከበቆሎ ወይም ከሸንኮራ አገዳ የሚሠራ የአልኮል ነዳጅ) የሚጠቀም መኪና ብገዛስ ይሻለኝ ነበር? በተጨማሪም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይህችን መኪና አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ለመላክ አስቤ ስለነበር የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ ደብተር ያዥ

ወንድሜ፣ ቅሬታዎ ይገባኛል፤ ሆኖም ሒሳቡን አብረን ብናየው ከዚህ ክፍያ እርስዎ ተጠቃሚ እንጂ ተጎጂ አይደሉም።

መንገድ የሚሠራበትና የሚጠገንበት ገንዘብ በአብዛኛው የሚሰበሰበው በየጋሎኑ ላይ ከሚጣለው የነዳጅ ታክስ ነው። የፌዴራሉ ታክስ በጋሎን 18.4 ሳንቲም ሲሆን ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልተነካም። መኪኖች እየቆጠቡ በሄዱ ቁጥር መንገዱን የሚረግጠው ጎማ ሳይቀንስ ገቢው ይቀንሳል። ቨርጂኒያ ይህንን ለማካካስ ነው ከሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጋሎን 25 ማይልና ከዚያ በላይ በሚሄዱ መኪኖች እንዲሁም በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ይህንን ክፍያ የጣለችው። ስለዚህ የተነጣጠረው በሃይብሪድ ላይ ብቻ አይደለም፤ ትንሽ የቤንዚን መኪና የያዘም ሰው ይከፍላል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ሕጉ አንድ አማካይ መኪና በጋሎን 23.7 ማይል፣ በዓመት ደግሞ 11,600 ማይል ይሄዳል ብሎ ይነሣል፤ ይህም 489 ጋሎን ገደማ ነው። የእርስዎ መኪና ያንኑ መንገድ በ232 ጋሎን ይጨርሰዋል። ከልዩነቱ ማለትም ከ257 ጋሎን 85 በመቶው ተወስዶ በክፍለ ግዛቱ የነዳጅ ታክስ ይባዛል። የታክሱ መጠን በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር ይስተካከላል፤ በጋሎን 30 ሳንቲም ብለን ብንይዘው ክፍያዎ ወደ 65 ዶላር ይመጣል።

እርስዎ ግን የሚነዱት 40,000 ማይል ነው። በሚኒቫኑ 2,000 ጋሎን ይፈጁ ነበር፤ አሁን 800 ብቻ ይበቃዎታል። ባልቀዱት 1,200 ጋሎን ላይ ለቨርጂኒያ ይከፍሉት የነበረ ወደ 360 ዶላር፣ ለፌዴራል መንግሥት ደግሞ ወደ 220 ዶላር ታክስ ቀርቶልዎታል። የቤንዚኑን ዋጋ ራሱን ገና አልቆጠርንም።

መልስ፦ የእማማ ልጅ

የደብተር ያዥ ስሌት ትክክል ነው፤ ሆኖም ስሌቱ ብዙ ለሚነዳ ሰው የሚያደላ መሆኑን ሳይነግሩን አልፈዋል። እናቴ ትንሽ ሃይብሪድ አላት። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከሐኪምና ከገበያ በቀር የትም አትሄድም፤ ዓመቱን ሙሉ 3,000 ማይል እንኳ አትሞላም። እርሷም 40,000 ማይል የሚነዳውም ሰው አንድ ዓይነት ክፍያ መክፈላቸው መንገዱን ማን ይጎዳዋል ከሚለው ጥያቄ ጋር አይገጥምም።

መፍትሔ የሆነልን ከሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከፈተው፣ በተነዳው ማይል ልክ የመክፈል አማራጭ ነው። ጠቅላላ ክፍያው ለ11,600 ይካፈልና በማይል ከሳንቲም ያነሰ ነገር ይሆናል፤ በላይኛው ምሳሌ መሠረት 65 ዶላር የሚጠየቅ ሰው 3,000 ማይል ብቻ ከነዳ 17 ዶላር ገደማ ይከፍላል። ከዋናው ክፍያ በላይ ስለማይጠየቅ ለተመዝጋቢው ጉዳት የለውም፤ ማይሉ ስለሚመዘገብ ግን ስለ ግላዊነቱ የሚጨነቅ ሰው ከመግባቱ በፊት ውሉን በደንብ ያንብብ። ለጠያቂው ግን ምንም አይጠቅምም፤ በእርስዎ ማይል ጣሪያውን ገና በአራተኛው ወር ይነኩታል።

መልስ፦ የድሮ ታክሲ ነጂ

«ማበረታቻ ይሰጥ ነበር» ላሉት፣ እውነት ነው፤ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል የኢነርጂ ሕግ ከ2006 መጀመሪያ አንሥቶ ለሃይብሪድ ገዢ እስከ 3,400 ዶላር የታክስ ቅናሽ ፈቅዶ ነበር፤ የፕሪየስ ድርሻ 3,150 ዶላር ነበር። ነገር ግን አንድ አምራች 60,000 መኪና ከሸጠ በኋላ ቅናሹ ደረጃ በደረጃ እንዲቀንስ ተወስኖ ስለነበር ለቶዮታ በመስከረም 2007 መጨረሻ ተዘጋ። ብዙ የሸጠው፣ ሕዝቡም የወደደው መኪና ቀድሞ ከቅናሹ ወጣ ማለት ነው፤ ይህ አሠራር ዛሬም አይዋጥልኝም።

በዚያ ዘመን ልዩ ሰሌዳ የለጠፈ ሃይብሪድ አሽከርካሪው ብቻውን ሆኖ፣ ብዙ ሰው ለጫኑ መኪኖች በተለየው የጋራ ተጓዦች መስመር ውስጥ መግባት ይችል ነበር። በሥራ መግቢያ ሰዓት ኢንተርስቴት 66 ላይ ሌላው ቆሞ እያየን እናልፍ ነበር። ሃይብሪዱ ሲበዛ መስመሩ ተጨናነቀ፤ በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. ከዋሽንግተን ቀለበት መንገድ ወደ ውስጥ ያለው ክፍል የክፍያ መንገድ ሲሆን ያ መብት አከተመ። በ2022 የወጣው ሕግ ያመጣው የ7,500 ዶላር ቅናሽም በሶኬት የሚሞሉትን እንጂ እንደ እርስዎ ያለውን ተራ ሃይብሪድ አይመለከትም ነበር፤ እርሱም ቢሆን ከመስከረም 30 ቀን 2025 በኋላ ለተገዙ መኪኖች ቀርቷል። ስለዚህ ለሥራ የሚሆን መኪና በማበረታቻ ተስፋ አይመረጥም፤ ማበረታቻው የመኪናውን ብድር ያህል እንኳ ዕድሜ የለውም።

መልስ፦ ጋራዥ ውስጥ ያለው

ስለ ኤታኖል እኔ ልመልስ። አሁንም እየተጠቀሙ ነው፤ በአገሩ የሚሸጠው አብዛኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት። ኤታኖል ከቤንዚን ይልቅ በሲሶ ገደማ ያነሰ ኃይል ስለሚይዝ ከእያንዳንዱ ጋሎን 3 በመቶ ያህል ርቀት ይቀንሳል። «ኢ85» የሚባለው ደግሞ ለእርሱ ተብሎ ለተሠራ መኪና ብቻ ነው፤ ፕሪየስዎ ውስጥ እንዳይጨምሩት። ዋጋው በፓምፑ ላይ ርካሽ መስሎ ቢታይም በጋሎን የሚሄዱት ርቀት ከ15 እስከ 27 በመቶ ይቀንሳል፤ ለሾፌር ይህ ኪሳራ ነው።

ፖሊሲው ራሱ ለበቆሎ ገበሬውና ለአምራቹ የበለጠ አስቧል የሚሉ አሉ፤ እኔም ከእነርሱ ወገን ነኝ። በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ኤታኖል መጠቀም የሚችል መኪና ለሠራ ፋብሪካ በነዳጅ ቁጠባ መመዘኛው ላይ ተጨማሪ ነጥብ ይሰጠው ነበር፤ ባለቤቱ ዕድሜ ልኩን ኤታኖል ባይቀዳ እንኳ። ትላልቅ ፒክአፖች የኋላ በር ላይ የሚታየው የኤታኖል ምልክት፣ አረንጓዴው ቅጠል፣ የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከኋላ መቀመጫዎ ጎን ያለችውን የአየር ማስገቢያ ይመልከቷት። ባትሪው የሚቀዘቅዘው በእርሷ ነው፤ የተሳፋሪ ቦርሳና ካፖርት ይሸፍናታል፣ አቧራ ይደፍናታል። ብዙ የሚሠራ ፕሪየስ ባትሪው ያለ ዕድሜው ሲሞት መጀመሪያ የማየው እርሷን ነው።

መልስ፦ ከአዲስ አበባ

ስለ ወንድምዎ ጉዳይ። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታውቀዋል። ምክንያቱ እዚያ ካለው ይለያል፤ እዚህ ጭንቀቱ ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነው፤ መብራታችን ደግሞ ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚመነጭ ነው። የእርስዎ መኪና በሶኬት የማይሞላና ቤንዚን የሚያቃጥል በመሆኑ ከኤሌክትሪክ መኪና ይቆጠርልኛል ብለው አይላኩ። ከዚያ በፊትም ቢሆን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሎ ነበር።

ኤታኖሉን እኛም ሞክረነዋል። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ፣ በኋላም 10 በመቶ ይቀላቀል ነበር፤ መነሻው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ነው።

ጠያቂው፦ የሌሊት ሾፌር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። 65 ዶላሩን ሳላጉረመርም እከፍላለሁ። ባለቤቴ ግን ትንሽ ሃይብሪድ አላት፤ ሥራ ቦታዋ ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ከቤታችን አምስት ማይል አይርቅም፣ የእርሷ ሰሌዳ የሚታደሰው በሚቀጥለው ወር ነው። ዛሬ ማታ ከሥራ ስትገባ የማይል ቆጣሪዋን አይቼ ዓመቱን እናሰላለን፤ ከ11,600 በታች ከሆነች በማይል እናስመዘግባታለን። የፕሪየሴን የአየር ማስገቢያ ጠዋት ከፍቼ አይቻለሁ፤ ከአቧራው በታች የአንድ ተሳፋሪ የልጅ ካልሲ አገኘሁ።