ክርክር፦ ዋልቴዮፍ ከሃዲ ነው ወይስ በግፍ የተሰየፈ?

ጠያቂው፦
ሰሞኑን የተነታረክንበትን ጉዳይ እዚህ በደንብ እንከራከርበት። ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1066 የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እንግሊዝን በጦር ያዘ። ከወረራው በፊት ከነበሩት የእንግሊዝ መሳፍንት እስከ 1075 በሥልጣን የዘለቀው ዋልቴዮፍ ነው፤ የሰሜኑ የኖርተምብሪያ ገዥ። በዚያ ዓመት የምሥራቅ አንግሊያው ራልፍ የኸርፎርዱን ገዥ የሮጀርን እህት ኤማን አገባ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንዲሉ፣ በሠርጉ ድግስ ላይ ንጉሡን ለመጣል ተዶለተ። ዋልቴዮፍ እዚያ ነበር። ሜይ 31 ቀን 1076 ዊንቸስተር አጠገብ ኮረብታ ላይ አንገቱ ተቆረጠ።

እኔ በግፍ ነው የሞተው እላለሁ። ሰውዬው ጦር አላዘመተም። ወደ ካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ወደ ላንፍራንክ ሄዶ የሆነውን ሁሉ ተናገረ። ከዚያ ባሕር ተሻግሮ ኖርማንዲ የነበረው ንጉሥ እግር ላይ ወደቀ፣ እጅ መንሻም አቀረበ። የዘመኑ የእንግሊዝ ዜና መዋዕል እንደሚለው ንጉሡ እዚያ ሳለ ነገሩን አቅልሎ አለፈው። እንግሊዝ ሲመለስ ግን አሰረው። በራሱ እግር የመጣን ሰው እንዲህ ያደርጉታል?

የሕግ ሰው፦
ወንድሜ፣ ታሪኩን ከግማሽ ነው የጀመርከው። ዋልቴዮፍ በ1069 ምን ሲሠራ ነበር? ከዴንማርክ መርከበኞች ጋር ሆኖ ዮርክን አጠቃ። አንድ የኋላ ዘመን ጸሐፊ እንደሚለው የከተማዋ በር ላይ ቆሞ የሚወጡትን ኖርማኖች አንገት አንድ በአንድ ይቆርጥ ነበር። በ1070 መጀመሪያ ቲስ ወንዝ ዳር እጁን ሰጠ። ዊልያም ቀጣው? በፍጹም። የእህቱን ልጅ ጁዲትን ዳረለት፤ በ1072 ደግሞ ኖርተምብሪያን ሰጠው። እንዲህ የተደረገለት ሰው ያጎረሰውን እጅ ሊነክስ ሲዶለት አብሮ ተቀመጠ። በዘመኑ የእንግሊዝ ሕግ ደግሞ ጌታውን የከዳ ቅጣቱ ሞት ነበር። በአገሩ ሕግ ነው የተፈረደበት።

ጠያቂው፦
እሺ፣ ሕጉን እንየው። ሮጀር ጦር ሰብስቦ አመፀ፤ የተፈረደበት ርስቱን መነጠቅና የዕድሜ ልክ እስር ነው። ንጉሡ ለፋሲካ የላከለትን ውድ ልብስ እስር ቤት ውስጥ እሳት ውስጥ ጨመረው ይባላል፤ ያም ሆኖ አንገቱ አልተነካም። ራልፍ ባሕር ማዶ ወዳለችው ወደ ወገኖቹ አገር ወደ ብሪታኒ አመለጠ። ኤማ የኖርዊች ምሽግን ይዛ ስትዋጋ ቆየችና በስምምነት አስረክባ ወጣች። ያመፁት ሁለቱ በሕይወት ቆዩ፤ ያልዘመተውና ራሱን ያጋለጠው ተሰየፈ። በዊልያም ዘመን በፍርድ የተሰየፈ የእንግሊዝ ትልቅ ባላባት እሱ ብቻ ነው። ይኼ አንድ ራስ ሁለት ምላስ ካልሆነ ምንድን ነው?

የሕግ ሰው፦
ኖርማኑ በኖርማን ሕግ፣ እንግሊዛዊው በእንግሊዝ ሕግ ተዳኘ። ያኔ የተለመደ ነው። ደግሞ ተራዎቹ አልተማሩም፤ በ1075 የገና በዓል ዌስትሚንስተር ላይ ከብሪታኒ የመጡት አድመኞች ገሚሶቹ ዓይናቸው ጠፋ፣ ገሚሶቹ ከአገር ተባረሩ።

ዲያቆኑ፦
የሞተበትን ሁኔታ ማንም አላነሳም። የወሰዱት ገና ሳይነጋ ነው፤ የዊንቸስተር ሕዝብ እንዳይነሣባቸው ፈርተው። የመስፍን ልብሱን አውልቆ ለካህናትና ለድሆች አከፋፈለ። ከዚያ «አባታችን ሆይ ልበል» ብሎ ለመነ። «ወደ ፈተናም አታግባን» የሚለው ላይ ሲደርስ እንባ ተናነቀው። ሰያፊው አልጠበቀም። የተቆረጠው ራስ «ከክፉ አድነን እንጂ፣ አሜን» ሲል ሰማን ብለዋል በቦታው የነበሩት። አስከሬኑ በክሮውላንድ ገዳም አረፈ። በ1092 መቃብሩ ሲከፈት ሳይፈርስ፣ ራሱ ከአንገቱ ጋር ገጥሞ ተገኘ፤ የተቆረጠበት ቦታ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ብቻ ነበር ይባላል። ሕዝቡ ፍርዱን ቢቀበለው ኖሮ መቃብሩን ይሳለም ነበር?

መምህር፦
ዲያቆን፣ የተናገሩትን አከብራለሁ። ግን ይህን ሁሉ የጻፈልን ኦርደሪክ የተባለ መነኩሴ ነው። የተወለደው በአመፁ ዓመት በ1075 ነው፤ የጻፈውም ከብዙ ዓመት በኋላ። ክሮውላንድ ገዳም ተጋብዞ መነኮሳቱ የነገሩትን ሰማ፣ ለመቃብሩም ግጥም ጻፈላቸው። ዋልቴዮፍ በሕይወት ሳለ ባርናክ የምትባለውን መንደር ለገዳሙ ሰጥቶ ነበር፤ የድንጋይ ማውጫዋ ስመ ጥር ነበር። መቃብሩ ደግሞ ተሳላሚ ያመጣል። ገዳሙ ስለ ባለውለታው ክፉ ሊያወራ አይችልም። በአንጻሩ ዜና መዋዕሉ በደረቁ «ዋልቴዮፍም እዚያ ነበር» ነው የሚለው።

ይህ ማለት ግን የሕግ ባለሙያው አሸነፉ ማለት አይደለም። ሌላው ጸሐፊ፣ የዉስተሩ ጆን፣ ላንፍራንክ ራሱ «ከተከሰሰበት ንጹሕ ነው» ብሎ መመስከሩን ጽፏል። ላንፍራንክ ማን ነው? ንጉሡ ኖርማንዲ ሳለ አመፁ እንዲጨፈለቅ ያደረገው ሰው ነው። ደብዳቤዎቹ ዛሬም አሉ። ሮጀርን መጀመሪያ እንደ አባት መክሮት፣ እምቢ ሲል አወገዘው። ኖርዊች ስትለቀቅ ለንጉሡ «መንግሥትህ ከብሪታኒ ቆሻሻ ጸዳች» ብሎ ጻፈ። ለአመፀኛ የሚራራ ሰው አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው ለዋልቴዮፍ ከመሰከረ ቃሉ ሚዛን ይደፋል።

ከዮርክሽር፦
ሁላችሁም ስለ ሁለት ሰዎች መሐላ ነው የምታወሩት። እኔ የምኖረው እዚሁ ዮርክሽር ነው፤ ስለዚህ ሰው ሲወራ ደሜ ይፈላል። ዋልቴዮፍ በ1069 ዮርክ ላይ የተዋጋው ብቻውን አልነበረም። በዚያ ክረምት ዊልያም ሰሜኑን አቃጠለው፤ እህል፣ ከብት፣ ቤት፣ ማረሻ ሳይቀር። ሰው በረሃብ አለቀ። በ1086 የንጉሡ ቆጣሪዎች ሲመጡ እዚህ አካባቢ ከመንደር መንደር የመዘገቡት «ባድማ» እያሉ ነው። አገሩ ሲነድ የሰሜን ባላባት ቲስ ዳር ምሕረት ተቀበለ፣ የንጉሥ ዘመድ አገባ። ለገበሬው ማን ማረለት?

ሴትሪንግተን በምትባለው የዮርክሽር መንደር የሆነውን ደግሞ ማንም አላነሳውም። የእናቱን አባት ኤልድሬድን በ1038 ገደማ ካርል የሚባል ባላባት ገድሎት ነበር። ኤልድሬድም በተራው የካርልን አባት ገድሏል። ዋልቴዮፍ ሥልጣን ሲይዝ ደም መላሾች ላከ። የካርል ልጆች ታላቅ ወንድማቸው ቤት ማዕድ ላይ ተሰብስበው ሲበሉ ደርሰው ፈጇቸው፤ በመልካም ጠባዩ የማሩት አንዱን ብቻ ነው። እነዚህ ልጆች እኮ በ1069 ከዋልቴዮፍ ጎን ተሰልፈው ዮርክን ያጠቁ ናቸው! ዲያቆን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ ለዚህ ሰው ሰማዕት የሚለውን ስም አልሰጥም።

ዲያቆኑ፦
እህቴ፣ የሴትሪንግተኑ ደም ከባድ ነው፤ አላስተባብልም። ንስሐ የተሰጠው ግን ለጻድቅ አይደለም።

ጠያቂው፦
ከዮርክሽር የጻፍሽው እውነት ነው። ግን ዊልያም በካርል ልጆች ደም ከሰሰው? አልከሰሰውም። ሴትሪንግተን ከተፈጸመ በኋላም ገዥነቱን አልነጠቀውም። የተሰየፈው ሮጀር በእስር ባለፈበት ክስ ነው። እኔ የምከራከረው ስለዚያ ፍርድ ነው።

የሕግ ሰው፦
ሚስቱ ጁዲት መሰከረችበት እኮ።

መምህር፦
እሱንም የነገረን ኦርደሪክ ነው። የእኔን ግምት ከጠየቃችሁ የዋልቴዮፍን ነገር ያበላሸው ከዴንማርክ የመጣው መርከብ ነው። አድመኞቹ የጠሩት ሁለት መቶ መርከብ ዘግይቶ ደረሰ፤ ውጊያ ሳይገጥም ዮርክን ዘርፎ ወደ ፍላንደርስ ሄደ። ላንፍራንክ ለደርሃሙ ጳጳስ ለዋልከር «ዴንማርኮች እየመጡ ነው፣ ምሽግህን አጠናክር» ብሎ ጽፎ ነበር። ዮርክ፣ ዴንማርክ፣ ዋልቴዮፍ፤ የ1069ኙ ነገር ተመልሶ የመጣ ነው የሚመስለው። ዊልያም የፈራው ሠርግ ላይ የተባለውን አይመስለኝም፤ ሰሜኑ ተነሥ ሲለው የሚነሣለትን ሰው ነው። ያም ሆኖ ወራት አመነታ።

ደግሞስ ምን አተረፈ? ኖርተምብሪያን ለዋልከር ሰጠው፤ ባዕድ ነው፣ አገሩን አያውቅም። የዋልከር ሰዎች ሊጉልፍ የተባለ የዋልቴዮፍን አክስት ያገባ ባላባት ገደሉ። በ1080 ጌትስሄድ ላይ ወገኖቹ ለእርቅ ተሰብስበው ጳጳሱን ከነተከታዮቹ ጨረሱት።

የሕግ ሰው፦
መምህር፣ ዋልቴዮፍ በሕይወት ቢኖር ያ አይሆንም ነበር ነው የሚሉኝ? ሰሜኑ ከሱ በፊትም በደም ሲባላ ነበር፤ ካርልና ኤልድሬድ ምስክር ናቸው።

መምህር፦
በሕይወት ይኑር ብቻ አላልኩም። እንደ ሮጀር ታስሮ ይቆይ ነው የምለው። የታሰረ ሰው መያዣ ነው፤ ወገኖቹ እሱን እያሰቡ እጃቸውን ይሰበስባሉ።

ከዮርክሽር፦
ከጌትስሄድ በኋላ ዊልያም ወንድሙን ኦዶን ልኮ ያንን አገር እንደገና አስዘረፈው። የሞቱት እንደገና ገበሬዎቹ ናቸው። የእነሱን መቃብር ማን ተሳለመው?