«ቅኝ ግዛት» ውስጥ ያለው «ቅኝ» ምንድን ነው?

አራት ኪሎ፦ ሰላም የቃል ወዳጆች። ሚያዝያ 27 አደባባይ ሐውልቱ አጠገብ ከጓደኞቼ ጋር ክርክር ገጥመን ነበር። አንዱ «ቅኝ ግዛት» ከ«መቃኘት» ነው የመጣው ይላል። ነጮቹ መጀመሪያ አገሩን ቃኝተው ስለሚገቡ ነው አሉ። እኔ አልተዋጠልኝም። ሌላም አለኝ፦ ጎረቤቶቻችን «የነፃነት ቀን» ሲሉ እኛ ለምን «የድል ቀን» እንላለን?

ጋሼ ግዕዝ፦ ልጄ፣ ጓደኛሽ በሩን አንኳኩቶ ሳይገባ ቀርቷል። ግዕዙ «ቀነየ» ነው፤ ገዛ፣ አስገበረ፣ አሠራ ማለት ነው። በግዕዝ መጨረሻው «ነየ» የሆነ ግስ አማርኛ ላይ «ኘ» ይሆናል። «ተመነየ» «ተመኘ» እንደሆነው ማለት ነው። ስለዚህ «ቅኝ» የተገዛ፣ የገበረ ነው። «ቅኔ»ም ከዚሁ ቤት ናት፤ መገዛት፣ ማገልገል ማለት ናት፤ ለፈጣሪ የሚቀርበው ድርሰት በስሟ ተጠራ። ነጮቹ ቃኝተው ስለገቡ የሚለው ለወሬ ያምራል እንጂ ሥር የለውም።

አራት ኪሎ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እንግዲህ «ቅኝ ግዛት» ማለት «የተገዛ ግዛት» ነዋ! አንዱን ነገር ሁለቴ ማለት አይሆንም?

ጋሼ ግዕዝ፦ ይሆናል። ግን ተይው፣ አማርኛ ድግግሞሽ ይወዳል። ይልቅ «ገዛ»ን እይ። በብርም ይገዛል፣ በጦርም ይገዛል። «አልገዛም» የሚል ሰው ሁለቱንም እምቢ ማለቱ ነው።

ዶሮ ማነቂያ፦ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልግባ። በወረቀት ከሄድን ጣሊያን በ1928 ኢትዮጵያን ከኤርትራና ከሶማሊያ ጋር ደርቦ «አፍሪካ ኦሪየንታሌ ኢታሊያና» ብሎ አውጇል። በመሬት ላይ ግን ውጊያው አልቆመም። ሸዋ ላይ አበበ አረጋይ፣ ጎጃም ላይ በላይ ዘለቀ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ገረሱ ዱኪ ነበሩ። ሽማግሌዎቻችን «በጠላት ጊዜ» ወይ «በጣሊያን ጊዜ» ነው የሚሉት። «በቅኝ ግዛት ጊዜ» ያለ አያት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ቀኑንም እዩት። የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ንጉሡም ተመልሰው የገቡት በ1933፣ በዚያው በሚያዝያ 27 ነው። «ድል» የተባለው ለዚህ ነው። የኬንያ «ኡሁሩ» ሌላ ነው፤ እዚያ ነፃነት ማለት የቅኝ ገዢ ባንዲራ ወርዶ የራስ ባንዲራ መሰቀል ነው።

የካዛንችስ ልጅ፦ እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። አምስት ዓመት ሕግ አውጥቶ፣ ሹም ሾሞ፣ ከተማውን በዘር ከፍሎ የተቀመጠ ምን ይባል? እንግዳ? የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ «መርካቶ ኢንዲጄኖ» አለው፤ የአገሬው ሰው ገበያ ማለት ነው። የእኔ ሰፈር ስም ራሱ «ካዛ ኢንቺስ» ነው፤ ኢንቺስ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣሊያኖች ድርጅት ነበር። ስንቱ ቤት ፈርሶም የታክሲ ረዳቱ ዛሬም «ካዛንችስ! ካዛንችስ!» ይላል። «ቅኝ አልተገዛንም» እያልን ፒያሳ ወርደን ማኪያቶ እንጠጣለን።

ዶሮ ማነቂያ፦ ማኪያቶውን ተውልኝ እንጂ! ወንድሜ፣ ጨካኝ አልነበረም ያለ የለም። የካቲት 12 ስድስት ኪሎ ሐውልት ያለው ለዚያ ነው። እኔ ያልኩት ሕዝቡ የመረጠው ቃል «ወረራ» ነው ነው። ወራሪን ታባርረዋለህ፤ ከገዢ ጋር ግን የርክክብ ወረቀት ትፈራረማለህ።

ባለመዝገቡ፦ ስለ «ባንዳ»ስ? እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በጣሊያንኛ «ባንዳ» ስድብ አልነበረም። ከአገሬው ሰው የተመለመለ፣ ከመደበኛው ጦር ውጭ ያለ ጭፍራ ማለት ነው። መደበኛው «አስካሪ» ሲሆን የራሱ ማዕረግ ነበረው፤ ሹምባሽ፣ ቡሉቅባሽ የምንላቸው ከዚያ ናቸው። እኛ ጋ ግን ቃሉ ከጭፍራው ስም ወደ ግለሰቡ ወረደ። ከዚያ ወደ ጠባዩ። ዛሬ «ባንዳነት» ብለን ረቂቅ ስም አርብተንለታል። ጭፍራው ከጠፋ ሰማንያ ዓመት አልፎት ስድቡ በየፖለቲካው ጭቅጭቅ አለ። ለእኔ በጣም ርካሽ ሆኗል፤ በሐሳብ ያልተስማማህ ሁሉ ባንዳ አይደለም።

ደግሞ ይህን ስሙ። «ባንዳ» እና «ባንዲራ» በጣሊያንኛ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ሥሩ ከጥንት ጀርመናውያን የተወረሰ፣ «ምልክት፣ ዓርማ» የሚል ቃል ነው። ዓርማው ባንዲዬራ፣ በዓርማው ሥር የተሰለፈው ባንዳ ሆነ። የሙዚቃው «ባንድ»ም በፈረንሳይ በኩል ዞሮ የመጣ ዘመዳቸው ነው።

አራት ኪሎ፦ ወይ ጉድ! «ባንዲራ አትበሉ፣ ሰንደቅ ዓላማ በሉ» የሚሉት አባቶች ይህን ቢሰሙ!

ጋሼ ግዕዝ፦ ከእነሱ አንዱ እኔ ነኝ ልጄ። አሁንም «ሰንደቅ ዓላማ» በሉ።

የካዛንችስ ልጅ፦ «ሽፍታ»ን አትርሱ። ጣሊያን አርበኞቹን ሲጠራ «ሽፍታ» ይል ነበር፤ ማንቋሸሹ ነው። ግን ቃሉን ከእኛው ወስዶ ክብደቱን አልመዘነም። እኛ ጋ የሸፈተ ሰው ሁልጊዜ ቀማኛ አይደለም። የቋራው ካሣ ሸፍቶ ነው ቴዎድሮስ የሆነው። «ዱር ቤቴ» ብሎ የወጣን ሰው ሽፍታ ብትለው ምን ይቀንስበታል?

ባለመዝገቡ፦ ትክክል። «ከዳ»ም እንደዚያው ነው። ከባንዳው ወጥቶ መሣሪያውን ይዞ ወደ አርበኛው የገባም «ከዳ» ይባላል። ከማን ወደ ማን እንደሆነ ካልተነገረህ ቃሉ ብቻውን አይፈርድም።

አራት ኪሎ፦ የመጨረሻ፦ «የውስጥ አርበኛ»ስ? ቢሮ ውስጥ ለቀልድ ሲሉት እሰማለሁ።

ዶሮ ማነቂያ፦ ዱር ሳይገባ ጠላት በያዘው ከተማ ተቀምጦ ጥይት፣ መድኃኒትና ወሬ የሚያሻግር ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ሸዋረገድ ገድሌን የሚያህል ምሳሌ የለም፤ ተይዛ እስከ ጣሊያን አገር ተግዛለች። የቢሮው ቀልድም ትርጉሙን አልሳተም። የጊዮርጊስን ማሊያ ለብሶ በልቡ ቡናን የሚደግፍ ካለ የውስጥ አርበኛ ነው። እኛ ሰፈር ሁለት አሉ፤ ስማቸውን ግን አላወጣም።