ቆዳ ለማልፋት የምንጠቀምበትን ውኃ ለመቆጠብ ዕቅዱ ከየት ይጀምር?

ባለወርክሾፕ (አዘዞ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በጎንደር አነስተኛ የቆዳ ማልፊያ ወርክሾፕ አለን፤ ለሥራችን ጨው፣ ኖራ፣ ሶዲየም ሰልፋይድና ክሮም እንጠቀማለን። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው ሕግ መሠረት መርዛማ ኬሚካል በብዛት የሚጠቀሙ ድርጅቶች የቅነሳ ዕቅድ እንደሚያዘጋጁ፣ ሕጉ በ2006 ከተሻሻለ ወዲህ ግን በዚያ ምትክ የውኃ ወይም የኃይል ቁጠባ ዕቅድ ማዘጋጀት እንደሚችሉ አነበብሁ። ውኃ በፈረቃ በሚደርስባት ከተማችን እኛም በቀጥታ ከውኃው ብንጀምር ያስኬዳል?

መልስ (የኬሚስትሪ መምህር)፦
ያነበቡት እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ ዕድል የሚሰጠው አስቀድሞ የኬሚካል ቅነሳ ዕቅድ አውጥቶ ሁለት ጊዜ ላደሰ ድርጅት ነው። ቅደም ተከተሉ ተገቢ ይመስለኛል። በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚይዘው ከተጨመረው ክሮም ከ60 እስከ 70 በመቶ ገደማውን ነው፤ ቀሪው ከእጣቢው ጋር ይወጣል። እርስዎ ውኃውን በግማሽ ቀንሰው ክሮሙን እንዳለ ቢተዉት፣ ወደ ቦዩ የሚወርደው የክሮም መጠን ያው ነው፤ እጣቢው ግን ይበልጥ ይበረታል። ቀሃና አንገረብ ወደ መገጭ፣ መገጭም ወደ ጣና ስለሚፈስሱ ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ በዕቅድዎ ከውኃ ቆጣሪው ንባብ ጎን በየዙሩ የገባውን ኬሚካል በኪሎ ይመዝግቡ።

መልስ (በቆዳ ፋብሪካ የሠራሁ)፦
መምህሩ ባሉት እስማማለሁ፤ ሁለቱን አብረው የሚቀንሱ ሥራዎችም አሉ። ቆዳው ከመዘፍዘፉ በፊት ጨዉን በደንብ ያራግፉት፤ አንዴ ከሟሟ በተራ ማጣሪያ አይወጣም። ቧንቧ ከፍተው ከማጠብ ይልቅ ውኃውን ለክተው እየሞሉ፣ እያገላበጡና እየደፉ ይጠቡ። የክሮሙን እጣቢ ለብቻው አጠራቅመው ማግኒዥየም ኦክሳይድ ቢጨምሩበት አረንጓዴ ዝቃጭ ከታች ይቀራል፤ ይህንንም በባለሙያ እጅ በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ መልሶ መጠቀም ይቻላል።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፦ ውኃ ለመቆጠብ ሲባል የሰልፋይዱና የአሲዱ እጣቢ በአንድ ገንዳ እንዳይጠራቀም። ሲቀላቀሉ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሰው ይገድላል፤ ሲበዛ ደግሞ የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ፣ ሽታው ጠፋ ተብሎ ወደ ገንዳው መግባት አይገባም።

ባለወርክሾፕ (አዘዞ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገንዳዎቹን እንለያለን። መልሰን የማንጠቀምበት የክሮም ዝቃጭ ደርቆ ቢቃጠልስ?

መልስ (የኬሚስትሪ መምህር)፦
በፍጹም አይቃጠል፤ በቃጠሎ ክሮሙ ካንሰር ወደሚያስከትለው ዓይነት ሊለወጥ ይችላል። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝ በአዋጅ ቁጥር 1090/2010 ስለሚገዛ፣ ዝቃጩን ክዳን ባለውና በማያፈስ በርሜል አሽገው፣ ምንነቱን ጽፈውበት፣ ዝናብ በማይደርስበት መጋዘን ያኑሩና ስለ አወጋገዱ የከተማውን አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይጠይቁ።