የሞሪስ ማይነር ትራቬለር የኋላ ጎማ ቅስት እንጨት፤ ጎንደር ላይ እንዴት ይሠራ?

ሞሪስ ዘጎንደር

ጤና ይስጥልኝ። ሙሉ ጥገና ላይ ላለ ሞሪስ ማይነር ትራቬለር የኋላ ጎማ ቅስት እንጨቱን በአዲስ መሥራት ግድ ሆኗል። የግራው ታችኛው ጫፍ በስብሶ በጣት ይፈረፈራል። የቀኙ ለዓይን ደህና ነው፤ ብሎኖቹ ዙሪያ ግን ጠቁሯል። መኪናውን ለማያውቅ፦ ከ1953 እስከ 1971 እ.ኤ.አ. በተሠሩት ትራቬለሮች ላይ ከኋላ የሚታየው እንጨት ጌጥ አይደለም፤ የኋላውን አካል የሚሸከመው እሱ ነው። ኦሪጅናሉ አሽ የሚባለው እንጨት ነው። ስለዚህ ስቱኮ ሞልቶ መቀባት አያዋጣም።

የቅስቱ ልኬት በውስጠኛው ጎን ከጫፍ ጫፍ 690 ሚ.ሜ.፣ ከፍታው 220 ሚ.ሜ.፣ ውፍረቱ 42 ሚ.ሜ.፣ ስፋቱ 45 ሚ.ሜ. ነው። ያለው መሣሪያ ክብ መጋዝ፣ መላጊያ ማሽን፣ ትራፓኖና ስድስት ሞርሳ ነው። ከአንድ ጣውላ ተቆርጦ ይውጣ፣ በእንፋሎት ይታጠፍ ወይስ በንብርብር ይጣበቅ? እዚህ ከሚገኘው እንጨትስ የትኛው ይሆናል? ሥራው ታኅሣሥ ላይ ነው የሚጀመረው።

አናጢ ዘማራኪ

እንጨቱን ገና ካልፈታኸው አትንካው። እሱ ሲወጣ የኋላው አካል ይረግባል፤ ከዚያ በኋላ የምትሠራው አዲስ ቅስት ለተጣመመ መኪና የተሰፋ ይሆናል። ከኋላ በር መክፈቻው ላይ ሁለቱን ዲያጎናል (ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ያለውን ሰያፍ) ለካና ጻፍ። ከ3 ሚ.ሜ. በላይ ከተለያዩ መጀመሪያ በክሪክ ከሥር እየደገፍክ አስተካክል፤ ከዚያ በአንግል ብረት በመስቀል አስረህ በብሎን አጥብቅ። አዲሱ እንጨት ገብቶ እስኪጠብቅ ማሰሪያው አይፈታም።

ቅርጹንም ከበሰበሰው እንጨት ላይ አትገልብጥ። እንዲህ ያለ እንጨት ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ከነበረበት በታች ይኮማተራል፤ ቅስቱም ይከፈታል። እውነተኛውን ቅርጽ የሚነግርህ የውስጠኛው ላሜራ ነው። 4 ሚ.ሜ. ኮምፔንሳቶ ላሜራው ላይ አስጠግተህ ቅርጹን አውጣ፣ ክፍተቱ ከ1 ሚ.ሜ. እስኪያንስ በራስፓ አስተካክል፣ ከዚያ ገልብጠህ በቀኙ ጎን ሞክረው። በሁለቱም ጎን ከገጠመ ልኬትህ ትክክል ነው።

ራዲየሱን ከሰጠኸው ቁጥር ማውጣት ይቻላል፤ 690 በራሱ ተባዝቶ ለ1760 (8 ጊዜ 220) ሲካፈል 270.5 ይሆናል፣ የከፍታው ግማሽ 110 ሲጨመርበት 380 ሚ.ሜ. አካባቢ። ሆኖም ቅስቱ እኩል ክብ ላይሆን ስለሚችል በቁጥሩ ብቻ አትሂድ፤ ኮምፔንሳቶው ይቅደም።

አሁን ወደ አሠራሩ። ከአንድ ሰፊ ጣውላ ቆርጦ ማውጣት በጭራሽ አይሆንም። ቅስቱ 130 ዲግሪ ያህል ስለሚዞር ጫፎቹ ላይ የእንጨቱ ክር ቅስቱን ተከትሎ ከመሄድ ይልቅ አቋርጦት ያልፋል፤ ብሎን ስታጠብቅ እዚያው ይሰነጠቃል። በአምስት ቁራጭ ብትከፍለው እንኳ በየቁራጩ ጫፍ ክሩ 13 ዲግሪ ያጋድላል፤ እንጨት ደግሞ ከ1 ለ5 በላይ ሲያጋድል የመታጠፍ ጥንካሬው ወደ ግማሽ ይወርዳል።

የኔ ምርጫ ንብርብር ነው። 14 ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 3 ሚ.ሜ.፣ ድምሩ 42 ሚ.ሜ.። ለ380 ራዲየስ 3 ሚ.ሜ. ሳይፈላ፣ ሳይረጥብ ይታጠፋል። 5 ሚ.ሜ. ላይ አንዳንዱ መሰንጠቅ ይጀምራል፤ በተለይ ክሩ ወደ ጎን የሚወጣ ከሆነ። ርዝመቱን 1100 አድርገው፤ የውጪው ዙሪያ 960 ሚ.ሜ. ስለሆነ በየጫፉ 70 ሚ.ሜ. ይተርፍሃል። ስፋቱን 50 አድርግና በመጨረሻ ወደ 45 ላገው። ለአንድ ቅስት 50 ሚ.ሜ. ውፍረት፣ 120 ሚ.ሜ. ስፋት፣ 1100 ሚ.ሜ. ርዝመት ያለው ጣውላ ይበቃል። በ4 ሚ.ሜ. ትሰነጥቃለህ፣ የመጋዙ ላማ 3 ሚ.ሜ. ይበላል፣ ከዚያ ወደ 3 ሚ.ሜ. ይላጋል፤ ሁለት መጠባበቂያም ይወጣልሃል። ስትሰነጥቅ በየቁራጩ ላይ በእርሳስ ቁጥር ጻፍና በዚያው ቅደም ተከተል አጣብቅ። የማጣበቂያው መስመር ከጎን መታየቱ አይቀርም፤ ቅደም ተከተሉ ከተጠበቀ ግን ዓይን አይስብም።

ከፎርማው (ንብርብሩ ታጥፎ ከሚታሰርበት ቅርጽ) ሲለቀቅ ምን ያህል ይመለሳል የሚለው ብዙ ሰው ያስጨንቃል። በግምት 1 ለንብርብሩ ቁጥር ካሬ ሲካፈል ነው። በ14 ንብርብር 1/196፣ ማለትም ከ220 ሚ.ሜ. ከፍታ 1 ሚ.ሜ. ገደማ። ያንን መላጊያው ይወስደዋል፤ ፎርማውን አጥብበህ መሥራት አያስፈልግህም።

በርሜልና እንፋሎት

ከአናጢው በአንድ ነገር እለያለሁ። ይህ መኪና ለኤግዚቢሽን ከሆነ የንብርብር መስመር ያበላሸዋል። በእንፋሎት የታጠፈ አንድ ወጥ እንጨት መልኩም ያምራል፣ ኤፖክሲም (ከማጠንከሪያ ጋር የሚበጠበጥ ማጣበቂያ) አይጠይቅም። ዘዴው በርሜል ላይ ውኃ አፍልቶ እንፋሎቱን በቱቦ ወደ ተዘጋ ሣጥን ማስገባት ነው። በየ25 ሚ.ሜ. ውፍረት አንድ ሰዓት፤ ለ42 ሚ.ሜ. ወደ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ። ከሣጥኑ ሲወጣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ፎርማው ላይ መሆን አለበት።

ቀላሉ ስህተት ያለ ብረት ቀበቶ ማጠፍ ነው። በእንፋሎት የለሰለሰ እንጨት ሲጨመቅ ብዙ ይታገሣል፣ ሲለጠጥ ግን ከ1 እስከ 2 በመቶ ካለፈ ይበጠሳል። እዚህ ቅስት ላይ በውስጥና በውጪ ጎን መካከል ያለው ልዩነት 11 በመቶ ነው። ስለዚህ በውጪው ጎን 1.5 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው የብረት ቀበቶ፣ ከሁለቱም ጫፍ እንጨቱን አንቆ የሚይዝ ማቆሚያ ያለው፣ የግድ ነው።

አናጢ ዘማራኪ

ቀበቶው ላይ የተባለው ልክ ነው፤ ያለ እሱ የሚሞክር እንጨቱን ለማገዶ ያዘጋጅ። ነገር ግን ሁለት ነገር ተዘሏል።

አንደኛ፣ የሰዓቱ ስሌት ለባሕር ዳርቻ አገር የተሠራ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያልታመቀ እንፋሎትም ከዚያ አይሞቅም። እንጨቱን የሚያያይዘው ሊግኒን ደግሞ ለመለስለስ የሚፈልገው ልክ ይህን አካባቢ ነው። ስለዚህ እዚህ ዳር ላይ ነን፤ ሰዓቱን በግማሽ አስረዝም፣ ሣጥኑንም በብርድ ልብስ ሸፍን። በርሜሉን ደፍኖ ግፊት ለመጨመር የሚያስብ ካለ ይተወው፤ በርሜል ለግፊት አልተሠራም፣ ይፈነዳል።

ሁለተኛ፣ እንፋሎት የሚወደው ከ20 እስከ 25 በመቶ እርጥበት ያለው፣ ክሩ ቀጥ ያለ፣ በተፈጥሮው ተጣጣፊ እንጨት ነው። አሽ እንደዚያ ነው። ከእንጨት ቤት የሚገዛ ደረቅ ዋንዛ በ42 ሚ.ሜ. ውፍረት ለዚህ ራዲየስ አይታጠፍም፤ በውስጥ ጎኑ ይጨማደዳል። እውነተኛ አሽ በእጁ ያለ ይሞክረው፣ የሌለው ወደ ንብርብሩ ይመለስ።

ሞሪስ ዘጎንደር

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ ንብርብሩን ያዝኩ። እንጨቱ ዋንዛ ይሁን ካሉኝ የት ላይ ልጠንቀቅ? ማጣበቂያውስ? ነጩ ኮላ በየሱቁ አለ፣ ኤፖክሲ ግን ውድ ነው።

አናጢ ዘማራኪ

ዋንዛ ከአሽ የቀለለና የለሰለሰ ነው፤ ንብርብር ላይ ግን በደንብ ይጣበቃል፣ ከደረቀ በኋላም ብዙ አይጣመምም። ቀዩን ልብ እንጨት ብቻ ውሰድ፤ ዳሩ ላይ ያለውን ነጩን ነቀዝ ይወደዋል። ዋንዛን ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ መቁረጥ የተከለከለ ስለሆነ ከሕጋዊ እንጨት ቤት በደረሰኝ ግዛ፤ ካልሆነም ከድሮ አልጋ ወይም ቁምሣጥን የወጣ ደረቅ ጣውላ ፈልግ፣ እንዲያውም ይሻላል። ባህር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ በደንብ ካልደረቀ ግን እንደ ቀስት ይጣመማል። ወይራ ከመጠን በላይ ይከብዳል፣ 1100 ሚ.ሜ. ቀጥ ያለ ክር ያለውም አይገኝም። ጽድ ለመበስበስ እምቢ ይላል፤ ብሎን ሲገባበት ግን ይሰነጠቃል። ከውጭ የሚመጣው ቢች ጥሩ ይታጠፋል፤ ውኃ በሚነካው ቦታ ግን ቶሎ ይበሰብሳል።

ከመጀመርህ በፊት እርጥበቱን ለካ። መለኪያ ከሌለህ ትንሽ ቁራጭ መዝን፣ በምድጃ በ103 ዲግሪ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቅ፣ እንደገና መዝን። ለምሳሌ 112 ግራም ሆኖ ገብቶ 100 ግራም ሆኖ ከወጣ 12 በመቶ ነው። ከ10 እስከ 12 ጥሩ ነው።

ነጩ ኮላ ለወንበር ይሁን። እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ይጎዳሃል፦ ዘወትር ጫና ባለበት ቅስት ላይ ቀስ እያለ ይንሸራተታል፣ ውኃ ሲነካውም ይለሰልሳል። 13 መጣበቂያ ስላለ የኤፖክሲው መጠን እንዳሰብከው ብዙ አይደለም፤ ለአንድ ቅስት ከነብክነቱ 350 ግራም ያህል ይበቃል። መጠኑን በሚዛን እንጂ በዓይን አትገምት፤ ማጠንከሪያ መጨመር አያፈጥነውም፣ ያበላሸዋል። በአንድ ጊዜም ከ150 ግራም በላይ አትበጥብጥ፤ ዕቃው ውስጥ ሲከማች ራሱን አሙቆ ይደርቅብሃል። መጀመሪያ ሁለቱንም ገጽ በቀጭኑ ቀባ፣ ከዚያ የተነፋ የመጋዝ ብናኝ የተቀላቀለበትን ወፈር ያለ በአንዱ ገጽ ጨምር።

ፎርማውን ከሦስት 18 ሚ.ሜ. ኤምዲኤፍ አጣብቀህ 54 ሚ.ሜ. አድርሰው፣ ጠርዙን በፌስታል ሸፍን። ስድስት ሞርሳ አይበቃም፤ በየ100 ሚ.ሜ. አንድ ይፈልጋል። ግን የከባድ መኪና ካላማዳሪ በ50 ሚ.ሜ. ስፋት ቀድደህ እየወጠርክ ብትጠቀልልበት ኤፖክሲ የሚፈልገውን ጫና ይሰጠዋል፣ ከሞርሳም የበለጠ እኩል ነው። ስድስቱን ሞርሳ ከመሃል ጀምረህ ወደ ጫፎቹ አስገባ፣ በመካከላቸው ካላማዳሪ ጠቅልል። ከዳር ከጀመርክ መሃሉ ላይ አየር ይቀራል። ማጣበቂያ ሳትቀባ አንድ ጊዜ ሙሉውን አስረህ መሞከር ደግሞ አይታለፍ። ሞርሳውን አጥብቀህ ኤፖክሲውን ሁሉ ጨምቀህ አታውጣ፤ ማጣበቂያ ያልቀረበት መጋጠሚያ ዋጋ የለውም።

የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ኤፖክሲን ያንቀላፋዋል። ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሳይደርቅ እጅ ላይ የሚጣበቅ ሆኖ ይቆያል። በብርድ ልብስ ሸፍነህ ከሥሩ የሚሞቅ አምፖል አስገባ፤ መብራት ከጠፋም ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። 48 ሰዓት ሳይሞላው አትፍታው፤ ብሎን የሚገባበት ደግሞ ከሳምንት በኋላ ነው።

የቀኙን ቅስት ሙሉ ከመቀየርህ በፊት በስለታም ወስፌ ወጋጋው። ጥቁረቱ ላይ ላዩን ብቻ ከሆነና የበሰበሰው ጫፉ ከሆነ፣ ጤነኛው እስኪገኝ ቆርጠህ በ1 ለ8 ስላሽ (ርዝመቱ የውፍረቱ 8 እጥፍ በሆነ ሰያፍ መጋጠሚያ) አዲስ ቁራጭ ቀጥል። 42 ሚ.ሜ. ውፍረት ላይ ስላሹ 336 ሚ.ሜ. ይረዝማል ማለት ነው። ከዚያ ያጠረ ስላሽ ይከፈታል።

ባትላሜራ ዘአዘዞ

ስለ እንጨቱ ተነጋግራችኋል፤ ለምን እንደበሰበሰ ግን ማንም አላነሳም። ጭቃ ከጎማው እየተወረወረ በላሜራውና በእንጨቱ መካከል ይገባል፣ እዚያው እርጥብ ሆኖ ይከርማል። ምክንያቱ ካልተወገደ አዲሱም ያንኑ ይሆናል።

ላሜራውን አጽዳ፣ አንቲሩጂኒ ቀባ፣ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ክፈት። በእንጨቱና በላሜራው መካከል ለመኪና መስታወት የሚሆነውን ጥቁር ፖሊዩሪታን አድርግ። ኮምጣጤ የሚሸተውን ሲሊኮን አታድርግ፤ ብረት ያዝጋል፣ ቀለምም አይዝበትም።

ብሎኑን በተመለከተ፦ ቀዳዳዎቹን ከፓራፋንጎውና ከላሜራው ላይ ምልክት አድርግ እንጂ ከአሮጌው እንጨት አትለካ። ለ6 ሚ.ሜ. ብሎን 9 ሚ.ሜ. ብሳ፣ በኤፖክሲ ሙላ፣ ሲደርቅ በ6 ሚ.ሜ. መልሰህ ብሳ። ያኔ ብሎኑ እንጨት አይነካም፤ ያ የጠቆረው ዙሪያም የብረት ዝገትና እርጥበት ሥራ ነው። ስቴንለስ ብሎን ከሰፊ ሮንዴላ ጋር ተጠቀም፤ ዋንዛ ለስላሳ ስለሆነ ጠባብ ሮንዴላ ይሰምጥበታል። ነሐስ ብሎን አልሙኒየሙ የጎን ላሜራ ላይ አታስገባ፤ እርጥበት ሲኖር አልሙኒየሙን ይበላዋል።

ሞሪስ ዘጎንደር

ግልጽ ነው። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ላዩን የተልባ ዘይት ልቀባው ወይስ ቫርኒሽ?

አናጢ ዘማራኪ

ቤት የተጨመቀ ጥሬ የተልባ ዘይት ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጃል፣ በክረምትም ሻጋታ ይመገበዋል። የተነከረበትንም ጨርቅ ጠቅልለህ ጥግ ላይ ከጣልከው ራሱን አሙቆ እሳት ያስነሳል፤ ዘርግተህ ነው የምታደርቀው። ለዚህ መኪና ፀሐይ የሚከላከል የውጪ ቫርኒሽ ይሻላል። የመጀመሪያውን ዙር በአኳራጅ ግማሽ በግማሽ አቅጥነህ እንዲጠጣው አድርግ፣ ከዚያ አምስት ዙር ሳይቀጥን፤ በየመካከሉ በ240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገህ እሸው። የክር ጫፎቹን፣ የአልሙኒየሙ ላሜራ የሚገባበትን ሰርጥና የብሎን ቀዳዳዎቹን ከመገጠሙ በፊት ቀባ፤ ከተገጠመ በኋላ ብሩሽ አይደርስም። በዚህ ከፍታ ፀሐዩ ኃይለኛ ስለሆነ በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ አሽተህ አንድ ዙር ጨምርበት።

ባትላሜራ ዘአዘዞ

ቫርኒሹ ከፖሊዩሪታኑ በፊት ይደረግ። ከተገላበጠ ፖሊዩሪታኑ የነካው ቦታ ላይ ቫርኒሽ አይዝም።